የአባቷ ፊርማ

«አንቺ የሰላሁዲን ልጅ ሱንዱስ አይደለሽም?»

ሱንዱስ በአባቷ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ የመጋረጃውን ሦስተኛ ሜትር ለክታ አራተኛውን ልትጀምር ስትል ነበር ሴትዮዋ ይህን የጠየቀቻት። ቀና ብላ አየቻት። አረንጓዴ ሹራብ የደረበች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ ያሰረች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ፊቷን የሆነ ቦታ አይታዋለች።

«ነኝ» አለች።

«ሲስተር የሺመቤት እባላለሁ፣ ከሆስፒታል። የልብ አልትራሳውንድ ስትነሺ አጠገብሽ የነበርሁት እኔ ነኝ። ደረትሽን ስቀባሽ ቀዘቀዘኝ ብለሽ ስቀሽ ነበር።» ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «አዲስ አበባ ሄዳ ታከመች ሲሉኝ ደስ አለኝ። አሁን እንዴት ነሽ?»

«አዲስ አበባ?» ሱንዱስ የያዘችውን ጨርቅ ለቀቀችው። «እኔ አዲስ አበባን አይቻት አላውቅም።»

የሲስተር የሺመቤት ፈገግታ ጠፋ። ጨርቁን መዳበስ ትታ ወደ ሱቁ በር ተመለከተች። የሱንዱስ አባት የቀትር ሶላት ሊሰግድ ወደ መስጊድ ከሄደ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም።

«ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስቱንም ጊዜ ያነሡት አባትሽ ናቸው። መጀመሪያ እናመጣታለን አሉ። ቀጥሎ እያሰብንበት ነው አሉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ታክማለች አሉኝ።»

«ለምንድን ነው የሚያመጡኝ?»

«ልጄ፣ ይህን ከወላጆችሽ ጋር ነው መነጋገር ያለብኝ።»

«ልቡ የኔ ነው፣ ሲስተር» አለች ሱንዱስ። አልጮኸችም። ግን ዓይኗን ከሴትዮዋ ፊት ላይ አላነሣችም።

ሲስተር የሺመቤት ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። የልብ ሐኪሞች ቡድን ለአንድ ሳምንት ወደ ባሕር ዳር መጥቷል። ደረት ሳይከፍቱ፣ በጭን ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው በልብ ውስጥ ያለን ቀዳዳ ይደፍናሉ። የሱንዱስ ተራ ረቡዕ ነው፤ ስሟ ከዝርዝሩ ገና አልተሰረዘም። እስከ ሰኞ ቀትር የሚፈርምላት ወላጅ ይዛ ካልቀረበች ግን ተራዋ ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል። ቡድኑ ዓርብ ይመለሳል፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ሱንዱስ ቀሪውን ጨርቅ ለክታ፣ ቆርጣ፣ አጥፋ ሰጠቻት። ልኬቱን አልሳተችም። ይህ ራሷንም ገረማት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን ሁለተኛ ዙር ሳትጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ አለና ወደቀች። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ላኳት። ዶክተሯ ልቧን ከመረመረች በኋላ አባቷን ለብቻው አስገብታ አነጋገረችው። ሲወጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ቤት እንደደረሱ ግን፣ «ትንሽ ሽንቁር ነገር ናት፤ ከዕድሜ ጋር በራሷ ትደፈናለች ብለዋል» አለ። «ለማንም አታውሩ። የሰው አፍ መድኃኒት አይሆንም።» ከዚያ ወዲህ ሱንዱስ ጓደኞቿ ኳስ ሲጫወቱ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ቦርሳ ትጠብቃለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መማሪያ ክፍላቸው ለመድረስ በየፎቁ ቆማ፣ ስልክ የምታይ እየመሰለች ታርፋለች። በራሱ የሚደፈንበትን ቀን ነበር የምትጠብቀው።

አባቷ ተመልሶ ሲገባ ሱንዱስ ጨርቆቹን እየጠቀለለች ነበር።

«ሰው መጣ?»

«ሲስተር የሺመቤት መጥታ ነበር። ስድስት ሜትር መጋረጃ ገዛች» አለችው። «አዲስ አበባ መታከሜንም ነገረችኝ።»

ሰላሁዲን ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። አንድ ገበያተኛ ሻርፕ እያማረጠ ነበር።

«ሰው ፊት አይሆንም» አለ ቀስ ብሎ። «ቤት።»

ቤት ግን ራቱን በልቶ፣ ዜና አይቶ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተኛ።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱንዱስና ሔራን የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጠግናል፤ የሐይቁ ይብራ ወፎች አጠገቡ ተሰልፈው የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ሔራን የክፍሏ ልጅ ናት። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሲሆን ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ስለ ልቧ ሱንዱስ የነገረቻት ብቸኛ ሰው እሷ ናት።

ሔራን ሁሉንም ከሰማች በኋላ ብዙም አላሰበችም።

«ነገ ብሩክ ይፈርማል» አለች። ብሩክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ወንድሟ ነው። «ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሟ ነኝ ይላል፣ አለቀ።»

«ብሩክ ሰላሁዲን?»

«ኧረ አብዱልበሲጥ ነኝ ይበላቸዋ። ማን ያጣራል?»

ሱንዱስ ሳቀች። ሳቁ ትንፋሽ አሳጣት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እስኪመለስላት ጠበቀች። ሔራን ሳቋን አቁማ አየቻት።

«የምሬን ነው» አለች። «ረቡዕ ቁርስሽን ሳትበዪ እኛ ቤት ትመጫለሽ። ለቤተሰብ፣ ሔራን ጋር እያጠናሁ ነው ትያለሽ። በማግስቱ ይለቁሻል አላለችሽም? ያልፋል በቃ። አባትሽ ሲሰሙ አልቋል።»

ሱንዱስ ወደ ውኃው ተመለከተች። ነገሩ ቀላል ነበር። ብሩክም እሺ ይላል፤ እሱ ለእህቱ እምቢ ብሎ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ያላገኘችው መንገድ ይኸው በአምስት ደቂቃ ተገኘ።

«አልፈልግም» አለች።

«ፈራሽ?»

«ፈርቻለሁ። ግን እምቢ ያልሁት ለሱ አይደለም።» ወደ ሔራን ዞረች። «ልቤን ከሆነ ቦታ የሰረቅሁት አስመሰልሽው፣ ሔራን። አባቴ ዋሽቶ ከዝርዝሩ አወጣኝ፤ እኔ ደግሞ ዋሽቼ ልገባ ነው። አልጋው ላይ የሆነ ነገር ብሆን ማንን ነው የሚጠሩት? አብዱልበሲጥን?»

ሔራን ጠጠር አንሥታ ወደ ውኃው ወረወረች።

«ተደብቄ ታመምሁ» አለች ሱንዱስ። «ተደብቄ ግን አልታከምም። በበሩ ነው የምገባው።»

«ካልፈረሙልሽስ?»

«እስኪፈርሙ እነዘንዛቸዋለሁ።»

«በአንድ ቀን?»

ሱንዱስ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «በአንድ ራት» አለች።

*

የቤታቸው ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። እናቷ ዘይነት ወጡን እያወጣች፣ አባቷ እጁን ታጥቦ ከማዕዱ ፊት ተቀምጧል። ሱንዱስ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። በዚያ ቤት አባት ዜና እያየ ቴሌቪዥን ያጠፋ ሰው ኖሮ አያውቅም።

«እማዬ» አለች እንደቆመች፣ «ዶክተሯ በራሱ ይደፈናል አላለችም።»

የእናቷ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ ምን አለች?»

«የልቤ ቀዳዳ በራሱ የሚደፈን ቢሆን በሕፃንነቴ ይደፈን ነበር ብላለች። የኔ ትልቅ ነው። ልቤ በቀኝ በኩል መስፋት ጀምሯል። ቆይቶ ሳንባዬን ከጎዳው በኋላ እንዝጋው ቢሉም አይቻልም። የሚዘጉት ሐኪሞች መጥተዋል፤ ስሜ ተጽፏል፣ ሦስት ጊዜ ተደውሏል። ይህን ሁሉ አባዬ ያውቃል።»

ዘይነት ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አስቀመጠች። «ሰላሁዲን?»

ሰላሁዲን ወደ ሁለቱም አላየም። «ደረቷን አይከፍቱም» አለ። «እኔ ቆሜ የልጄን ደረት ማንም አይከፍትም።»

«ደረቴ እኮ አይከፈትም፣ አባዬ። በጭኔ ደም ሥር ነው የሚገቡት።»

«ለረውዳም ቀላል ነው ብለውኝ ነበር።»

ረውዳ የአባቷ ታናሽ እህት ነበረች። ሱንዱስ ሳትወለድ፣ በልጅነቷ ታማ መሞቷን ሰምታለች። በምን እንደሞተች ጠይቃ አታውቅም፤ የነገራትም የለም።

«እንዳንቺው ትንፋሽ ያጥራት ነበር» አለ ሰላሁዲን። ድምፁ የሱ አይመስልም። «አባታችን ሞቷል፤ የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሩቅ አገር ድረስ ወሰድኋት። ቀላል ነው፣ ፈርም አሉኝ፤ ፈረምሁ። ደረቷን ከፈቱት። ከዚያ ክፍል በእግሯ አልወጣችም።» ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። «እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ይህን እጄን ግን ታየው ነበር። ያላየኋት ሲመስላት፣ እጄን ነበር የምታየው።»

ዘይነት አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። አሥራ ሰባት ዓመት አብራው ስትኖር ይህን አልሰማችም።

ሱንዱስ ያንን ቀን ሙሉ ስታሰላስለው የዋለችው ንዴት መግቢያ ጠፋው። አባቱን ያጣ፣ እህቱን የቀበረ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? ግን ነገ ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ የሰውን ሐዘን አይጠብቅም።

«አዝናለሁ፣ አባዬ» አለች። «ግን እኔ ረውዳ አይደለሁም። ስለ እሷ ብለህ እኔን ቁጭ ብዬ እንድሞት...»

«አትበይ።»

«እለዋለሁ። ስለፈረምህ ሞተች ትላለህ። ስላልፈረምህ ብሞትስ? ያም ያንተው እጅ ነው።»

«ሱንዱስ» አለች እናቷ።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሱንዱስ ምነው በለዘበ አነጋገር ባልሁት አለች በሆዷ። ነገሩን ግን አልመለሰችውም፤ እውነት ነበረና።

«ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች ቀጥላ። «ሆስፒታል ነው የምሄደው። ብቻዬን ከሆነም ብቻዬን። ወላጅ የለሽም ብለው ከመለሱኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ለምን ተቀመጥሽ ሲለኝ እነግረዋለሁ።»

ሰላሁዲን ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። ምግቡ እንደቀረበ ቀዘቀዘ። ዘይነት ድስቱን ከደነችና ቁም ሣጥኑን ከፍታ መታወቂያዋን አወጣችና የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለች።

*

ከሁለት ወር በፊት ልቧን የመረመረችው ዶክተር ፀደንያ ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ሰኞ ጠዋት ዘይነትን ከፊቷ አስቀምጣ ማስረዳት ስትጀምር ሱንዱስ ከጎን ወንበር ላይ ሆና፣ «ለኔም ይንገሩኝ፣ ዶክተር» አለቻት። ዶክተሯ ትንሽ አየቻትና ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

ከመሳቢያዋ አንድ ነገር አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። ከቀጭን ሽቦ የተሸመነ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ሰፌዶች ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ይመስላል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሳበችው። ሰፌዶቹ ተስበው፣ ተለጥጠው እንደ ክር ቀጠኑና ቱቦው ውስጥ ገቡ። በሌላው ጫፍ ስትገፋው ደግሞ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ተመልሰው ተዘረጉ።

«በብሽሽትሽ ደም ሥር ገብተን በቱቦው እስከ ልብሽ እንደርሳለን» አለች። «ቀዳዳው በላይኛዎቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። አንዱን ሰፌድ በግድግዳው ወዲያ፣ አንዱን በወዲህ ከፍተን እንለቀዋለን። ከጥቂት ወራት በኋላ የራስሽ ሥጋ ይሸፍነዋል።»

በሩ ተንኳኳ። ሰላሁዲን ነበር። ሱቁን ሳይከፍት መምጣቱ ነው። የቀረበለትን ወንበር ትቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ቀላል ነው ሊሉኝ ነው?» አላት ዶክተሯን።

«ቀላል ነው አልልዎትም» አለች ዶክተር ፀደንያ። «የልብ ነገር ቀላል የለውም። ከመቶ ሰዎች ዘጠና አምስቱና ከዚያም በላይ የሚሆኑት በደኅና ያልፋሉ። መሣሪያው አልቀመጥ ካለ ሳንለቀው መልሰን እናወጣዋለን። ከለቀቅነው በኋላ ከቦታው ቢነሣና በቱቦ ልንይዘው ባንችል ግን፣ ደረቷን መክፈት ግድ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ቢሆንም ቀዶ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህን ሳልነግርዎ አላስፈርምዎትም።»

ሰላሁዲን ዓይኑን ጨፈነ። ሱንዱስም ሰምታለች።

«አንቺስ?» አለች ዶክተሯ ወደ እሷ ዞራ። «ምን ትያለሽ?»

ከሁለት ወር ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ባይዘጋስ?»

«ዛሬና ነገ ምንም አትሆኚም። ዓመታት በሄዱ ቁጥር ግን ደረጃው ይረዝምብሻል። በኋላ ደረጃ ሳይሆን የራስሽ ክፍል ውስጥ መራመድ ይከብድሻል። ያን ጊዜ እኔም ልረዳሽ አልችል ይሆናል።»

«እንግዲያው ይዘጋ» አለች ሱንዱስ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። ሰላሁዲን መጣና እስክሪብቶውን አነሣ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ወዲያ እጁ አልሄደም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

ሱንዱስ እጇን ሰድዳ እስክሪብቶውን ከጣቶቹ መካከል ቀስ ብላ ወሰደችው።

«አትፈርም፣ አባዬ» አለች። «ተቀመጥ ብቻ። እማዬ ትፈርማለች።»

ዘይነት፣ «ቢስሚላህ» ብላ ፈረመች። ከፊርማዋ በታች አንድ ባዶ መስመር ነበረ።

«ይህ ታካሚዎቹ ልጆች ራሳቸው እንዲፈርሙበት ነው» አለች ዶክተሯ። «ግዴታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይቀራል።»

ሱንዱስ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ሳትቸኩል፣ ፊደሉን አጉልታ ጻፈች፦ ሱንዱስ ሰላሁዲን። አባቷ ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ የራሱን ስም በእሷ እጅ ተጽፎ አየው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

*

ረቡዕ ጠዋት የገባችበት ክፍል ብርድ ብርድ ይላል። ከአልጋው ጎን ትልልቅ ስክሪኖች ተደርድረዋል። ሲስተር የሺመቤት እጇን ይዛት ነበር። የማደንዘዣው ሐኪም ከአሥር ወደ ታች ቁጠሪ ሲላት ሰባት ላይ መድረሷን ታስታውሳለች።

ስትነቃ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ቀኝ እግሯን ቀጥ አድርጋ ለስድስት ሰዓት እንዳታንቀሳቅስ ተነገራት። አባቷ አልጋው አጠገብ ነበር። አንገቷ ሥር ያለውን አንሶላ ደጋግሞ ያያል።

«የት ነው?» አላት።

«ብሽሽቴ ላይ ነው፣ አባዬ። ላንተ አይታይም።»

ሰላሁዲን ራሱን ነቀነቀ። ሊስቅ ሞከረ፤ ግን አልሆነለትምና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ለብዙ ጊዜ ቆየ። ሱንዱስ ሳታባብለው፣ እንዲያለቅስ ተወችው።

በኋላ ዶክተር ፀደንያ መጥታ መሣሪያው በደንብ መቀመጡን ነገረቻቸው። ጭንቅ ግን ነበር። መጀመሪያ ያስገቡት አነሰ፤ ሳይለቁት መልሰው አውጥተው ተለቅ ያለውን አስገቡ። አንድ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደ። ያ ሁለት ሰዓት ውጭ ምን ይመስል እንደነበር ሱንዱስ የሰማችው ከሔራን ነው። ከትምህርት ቤት ፎርፋ መጥታ ነበር።

«አባትሽ ግቢውን ሲዞሩ ቆጠርኩ» አለቻት። «አርባ አንድ ዙር። ከዚያ እኔም ደበረኝና አብሬያቸው ዞርኩ። ምንም አላወራንም።»

*

ቅዳሜ ሱንዱስ ሳሎን ውስጥ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት መሮጥና ከባድ ዕቃ ማንሣት ተከልክላለች፤ ለወራት በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አላት። ጠዋት ከመኝታ ቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ ማድቤት ተመላልሳለች። የትንፋሽዋን ነገር ገና አታውቀውም። ሰውነቷ የሌላ ሰው ዕቃ እንደተሸከመ ሁሉ ትጠራጠረዋለች።

ጎረቤታቸው እትዬ ወለተ ሩፋኤል ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ከሱንዱስ አባት ጋር ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል፤ በዒድም በፋሲካም ሳይጠያየቁ ቀርተው አያውቁም።

«ይማርሽ፣ ልጄ። ሆስፒታል ተኛች ሲሉኝ ደነገጥሁ» አሉ። «ምን ነክቷት ነው፣ ሰላሁዲን?»

ሰላሁዲን ከወንበሩ ተነሣ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። «ትንሽ... ታይፎይድ ቢጤ ነው፣ እትዬ» አለ። ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ዘይነት ሻሿን አስተካከለች።

«አዬ ይኸ ውኃ» አሉ ሴትዮዋ። «አፍልታችሁ ጠጡ።»

ሱንዱስ አባቷን አየችው። ሦስት ቀን አልጋዋ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ የቆየ ሰው ነው። ደክሞታል። እሷም ደክሟታል። ዝም ብትል ሴትዮዋ ብርቱካናቸውን አስቀምጠው፣ መርቀው ይወጣሉ፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ነገ ለሚመጣውም ታይፎይድ ነው፤ ለትምህርት ቤቱም ታይፎይድ ነው።

ከትራሱ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ታይፎይድ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «ልቤ ነው። ቀዳዳ ነበረበት፤ ረቡዕ ተደፈነ።»

ሴትዮዋ ፌስታሉን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሱንዱስ አባቷን ጠበቀችው። ዝም በይ አላላትም። ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ጥግ አንድ ወንበር አንሥቶ ከሴትዮዋ ኋላ አደረገላቸው።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለች ሱንዱስ። «ከመጀመሪያው ልንገርዎ።»